ሃያ ዓመት የተጠረገ ጫካ

ጽዱ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ስሙን ያወጡለት የደን ጣቢያው ሠራተኞች ናቸው፤ ከወጣለት በኋላ ደግሞ መታወቂያው ላይ ያለውን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ታናናሾቹ ጋሽ ጽዱ ይሉታል፣ እኩዮቹ ጽዱ ብቻ፣ ሚስቱ እንደ ዕለቱ ሁኔታ የተለያየ ነገር ትለዋለች። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሌላው ሰው ቤቱን ይጠርጋል፣ ቢበዛ ደጁን ይጠርጋል። ጽዱ የሚጠርገው ጫካ ነበር።

ቀልድ አይደለም። በኃላፊነት የተሰጠው ብሎክ አራት የሚባል ሁለት ሄክታር የፓይን፣ ማለትም የባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ፣ ደን ነው። በየዓመቱ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲደርቅ ጥርሳም መጥረጊያውን፣ ሬኩን፣ ይዞ ከአንዱ ጥግ ይጀምርና፣ ከዛፎቹ ሥር የረገፈውን ቀጫጭን ቅጠል፣ ፍሬውን፣ ቅርንጫፉን፣ የበሰበሰ ግንድ ሳይቀር እየጠራረገ ወደ ዳር ያወጣል። ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ ክምሩ ላይ እሳት ይለቅበታል። ጭሱ ሲያበቃ ወገቡን ይዞ ይቆምና ሥራውን ያያል፤ መሬቱ ልሙጥ፣ ዛፎቹ የማለዳ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ተማሪዎች ቀጥ ያሉ። «እዚህ መሬት ላይ የወደቀ ዳቦ አንስቼ ብበላ ምንም አልሆንም» ብሎ ይምል ነበር። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት በመጡ እንግዶች ፊት በላና አሳያቸው። ሦስት ቀን ሆዱን ሲያመው ሰነበተ፤ እሱ ግን ጥፋቱ የዳቦው ነው ብሎ ነበር የተከራከረው።

የጣቢያው መመሪያ እንዲጠረግ የሚያዘው በብሎኩ ዙሪያ ያለውን የእሳት መከላከያ መንገድ ብቻ ነው። መሀሉ እንዳለ ይተው ይላል። ጽዱ ይህን አንብቦታል፤ እንዲያውም በቃሉ ይወጣዋል። ዳሩ ተጠርጎ መሀሉ የሚተውበት ምክንያት ግን አልገባው አለ፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ሰነፍ መሆን አለበት ብሎ ደመደመና ቀጠለ።

ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። ጫማውን በሩ ላይ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ፣ ጋዜጣውን ከአልጋው ሥር ይጥላል። ሚስቱ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የሺህ ሰው ካርድ በተርታ ስትደረድር ውላ ትመጣና የባሏን ንብረት ከየቦታው ስትለቅም ታመሻለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ መጥረጊያ ሲይዝ አላየችም። ጎረቤቶቿ በባሏ ንጽሕና ሲቀኑባት፣ እኔም እንደ ዛፍ አንድ ቦታ ብተከል ይጠርግልኝ ይሆናል ትላቸዋለች።

ከብሎክ አራት አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ ተለይቶ፣ ብሎክ አምስት አለ። የብሎክ አምስት ኃላፊ የዚህችው ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ፍራሹ ይሉታል። ስሙ የመጣው ሁልጊዜ በብብቱ ከሚይዛት የስፖንጅ ቁራጭ ነው፤ ጫካ እንደገባ ደህና ጥላ ይመርጥና ዘርግቶ ጋደም ይላል። እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድልበት፣ ፍራሹ ሥራውን ጥሎ አያውቅም። ዛፎቹ ሲጨናነቁ እየቀነሰ ያሳሳል፣ ቅርንጫፍ መቆረጥ ሲገባው ይቆርጣል። የቆረጠውን ግን እዚያው የወደቀበት ይተወዋል። ቅጠሉ በቅጠል ላይ ይደራረባል፣ ቁጥቋጦው ይበቅላል፣ የወደቀ ግንድ ላይ እንጉዳይ ይወጣል። ጽዱ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። አማቹ በመሆኑ ያፍር ነበር፤ ይህንንም ከሚስቱ በቀር ለሁሉም ነግሯል።

አንድ ቀን የጣቢያው ኃላፊ አምስቱንም የብሎክ ጠባቂዎች ቢሮው ሰብስቦ አንድ ወሬ ነገራቸው። አምስቱም ብሎኮች በአንድ ዓመት የተተከሉ ናቸው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ሃያ አምስት ሲሞላቸው እንደ ደንቡ ይመነጠራሉ፤ ማለትም ዛፉ በሙሉ ተቆርጦ ይጫናል፣ መሬቱ ይታረሳል፣ አዲስ ችግኝ ይተከላል። አሁን ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ከአምስቱ አንዱን ከመጋዝ ሊያስቀር ነው። ያ ብሎክ እየሳሳ ብቻ ሌላ አርባ ዓመት ይቆማል። ዛፍና አፈር ምን ያህል ካርቦን እንደሚያከማቹ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ አንዷ መጥታ ትለካለች፤ ብዙ ያከማቸው ብሎክ ይመረጣል።

ጽዱ ይህን ሲሰማ ልቡ በአፉ ልትወጣ ደረሰች። ምክንያቱን ለማንም አላስረዳም፤ እኛ ግን እንናገረዋለን። ብሎክ አራትን በእጁ ነው የተከለው፣ ታላቋ ልጁ በተወለደች በስድስተኛው ቀን። ከሰባት ዓመት በፊት ደግሞ በጎረምሳነቱ የተከለው ሌላ ደን ተመንጥሮ አይቷል። አራት ቀን ነው የፈጀው። የታረሰውን አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ጠራርጎ አስፋልት ላይ ሲያፈሰው ቆሞ ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ላለማለፍ ግማሽ ሰዓት እየዞረ ነበር ሥራ የሚገባው። አሁን ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። ለሚስቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እራት ላይ፣ ብሎክ አራት ሲቆረጥ ማየት አልችልም አላት። እሷም እንደዚያ ዓይነት ነገር ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ሆኖም አልሰጋም። አጥኚዋ ትመጣለች፣ አምስት ጫካ ታያለች፣ አራቱ ቆሻሻ፣ አንዱ ንጹሕ። ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለው? ለማንኛውም ብሎ ለእንግዳዋ ክብር ያለ ወቅቱ ደግሞ ጠረገው።

አጥኚዋ መጣች። ጉልበቷ የሚደርስ ቡትስ ያደረገች፣ ጠመዝማዛ የአፈር መሰርሰሪያ በትከሻዋ የያዘች ወጣት ናት። ሠራተኞቹ እስከ ምሳ ሰዓት የአፈር ሐኪሟ የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። ብሎክ አራት ስትገባ ቀጥ ብላ ቆመች። ዙሪያዋን ቃኘች። ጽዱ ኮሌታውን አስተካክሎ ምስጋናውን ጠበቀ። እሷ ግን ቅጠሉ የት ሄደ ብላ ጠየቀችው። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ አንዲት አታገኚም አላት።

መሰርሰሪያው አልገባ አለ። መሬቱ እንደ ተረገጠ ግቢ ደድሯል፤ በመዶሻ መምታት ግድ ሆነ። ጽዱ ይህን የጥንካሬ ምልክት አድርጎ ወሰደው። ብሎክ አምስት ላይ ግን መሰርሰሪያው ገና ሁለቴ ሳይዞር ሰመጠ፤ ይዞት የወጣው አፈር ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ፣ ትል የሚርመሰመስበት ነበር። ጽዱ ትሉን አይቶ በሆዱ፣ በቃ ይሄኛው ወደቀ አለ። ፍራሹ ራሱ ከቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ነበርና ሐኪሟ ልትረግጠው ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ የእያንዳንዱን ዛፍ ወገብ በሜትር እየለካች፣ አፈሩን በላስቲክ እያሰረች ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ ውጤቱን ይዛ ተመለሰችና ቢሮ ውስጥ አስረዳቻቸው። ዛፍ ካርቦንን ከአየር ይስባል፤ ግንዱን፣ ሥሩን፣ ቅጠሉን የሚሠራው ከእሱ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ ከያዘው ካርቦን የተወሰነው ወደ አፈር ይገባል፤ እዚያም ካልተነካ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። በደን ውስጥ ከመሬት በታች ያለው ክምችት ብዙ ጊዜ ከግንዱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሰው ግን ዓይኑ ግንድ ላይ ነውና አያስተውለውም። መሬቱ ሲታረስ፣ ቅጠሉ ሲጠረግና ሲቃጠል ያ ሁሉ ወደመጣበት ይመለሳል። እዚህ ላይ ሐኪሟ ቆም ብላ ጽዱን አየችው።

«ዛፎቹ ሃያ ዓመት ከአየር ያወረዱትን እርስዎ በጭስ መልሰው ሲልኩት ነው የኖሩት» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በዚህም አላበቃም። የፍራሹ ዛፎች ወገባቸው ከጽዱ ዛፎች በአራት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ዛፍን የገዛ ቅጠሉ በስብሶ መልሶ ይመግበዋል፤ የጽዱ ዛፎች ገበታው እየተነሳባቸው ያደጉ ናቸው። ብሎክ አምስት አንደኛ ወጣ፤ ብሎክ አራት መጨረሻ። ፍራሹ አግዳሚው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር እንኳን ደስ ያለህ ለማለት መቀስቀስ ነበረባቸው። ሐኪሟ ለማረጋገጫ ከአሥር ቀን በኋላ ሁለተኛ ናሙና እንደምትወስድና ያን ጊዜ ጉዳዩ እንደሚዘጋ ተናግራ ሄደች።

ጽዱ ቤቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ በሥርዓት ከግድግዳው ጋር አስጠጋው። ሚስቱ ይህን ስታይ አንድ መጥፎ ነገር እንደደረሰ ገባት። የሆነውን ነገራት። መጀመሪያ ሳቅ አመለጣት፤ ሃያ ዓመት እቤት ብትጠርግ ኖሮ እኮ እኔም አርፍ ነበር፣ ጫካውም ይጠቀም ነበር ልትል ጀመረች። ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። አፍሮ ነበር፤ ከማፈሩም በላይ አዝኖ ነበር። ጠላት አይደለም ዛፎቹን የጎዳቸው፤ እሱ ነው፣ ያውም በሚወዳቸው እጁ።

ያዘነ ሰው ዝም ብሎ ቢያዝን ጥሩ ነበር። ጽዱ ግን መላ መታ። ቅጠል ነው ጉዳዩ? እንግዲያው ብሎክ አራት ቅጠል ይኖረዋል አለ። እሑድ ጣቢያው ሲዘጋ ጆንያና የእጅ ጋሪ ይዞ ብሎክ አምስት ገባና ዕድሜ ልኩን ሲጸየፈው የኖረውን ጉድፍ በእቅፉ እየሰበሰበ መጠቅጠቅ ጀመረ። በሦስተኛው ጆንያ ላይ ከቁጥቋጦው ሥር ድምፅ ሰማ።

«ጋሼ፣ በታች በኩል ያለው ይሻልሃል። እሱ ዕድሜ አለው።»

ፍራሹ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ የሚያሸንፈው ብሎክ የገዛ ራሱ መሆኑም ትዝ ያለው አይመስልም። እንዲያውም ለመርዳት ብሎ፣ ከተጋደመበት ሳይነሳ፣ የጆንያውን አፍ ከፍቶ ያዘለት። እስከ አመሻሽ አርባ አንድ ጆንያ ወደ ብሎክ አራት አጋዙ፤ አንዱ እየገፋ፣ አንዱ እየያዘ።

ታዲያ ጽዱ የተሸነፈው በገዛ ባሕርይው ነው። ቅጠሉን ዝም ብሎ መበተን አልሆነለትም። ውፍረቱን በአራት ጣት እየለካ አነጠፈው። ጠርዙን በገመድ አስተካከለው። ፍሬዎቹን ለብቻ ሰብስቦ ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር አምስት አምስት አደረጋቸው። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ አየው፤ አንድ ሰው በደንብ አስቦበት የረገፈ ቅጠል ይመስል ነበር።

ሐኪሟ በቀጠሮዋ ቀን መጣች። የጣቢያው ኃላፊም ፍራሹም አብረው ነበሩ። ብሎክ አራት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቀጥ ባለው መስመር ላይ ቆማ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ከዛፎቹ ሥር አምስት አምስት የተቀመጡትን ፍሬዎች ቆጠረች። ሳትናገር ጎንበስ ብላ ከቅጠሉ ውስጥ አንድ ነገር ስባ አወጣች። አመድማ ካልሲ ነበር።

«የኔ ናት» አለ ፍራሹ። «ከዝናቡ በፊት ጀምሮ ስፈልጋት ነበር።»

ሐኪሟ ቅጠሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሳቀች። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ልታቆም ትሞክርና አምስት አምስቶቹን ፍሬዎች ስታይ ደግሞ ይነሳባታል። ኃላፊው መሳቅ ይገባው እንደሆነ ስላላወቀ ሳል ይስል ነበር። ጽዱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ እሷ ግን እንደምታውቁት ደድራለች። ሁሉንም ተናዘዘ፣ የጆንያውን ቁጥር ሳይቀር። ሐኪሟም ዓይኗን እየጠረገች፣ ልፋቱ ከንቱ እንደነበር ነገረችው፤ መሰርሰሪያዋ የሚወስደው ከቅጠሉ ሥር ያለውን አፈር ነው፣ የዛሬ ቅጠል አፈር እስኪሆን ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። የሆነ ነገር ትዝ ያላት ትመስል ነበር። በየዓመቱ ነው የሚጠርጉት አለችው። አዎ አላት። ሁሉንም? ሁሉንም። ከመቼ ጀምሮ? ዛፎቹ ቅጠል ማርገፍ ከጀመሩበት ከአራተኛው ዓመት። ተነሥታ ቆመችና በሁለቱ ብሎኮች መሀል ያለውን ጠባብ መንገድ እያየች ማሰብ ጀመረች። ቀጥሎ የተናገረችው ጽዱ ያልጠበቀውን ነው። ቅጠል ለአፈር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ቅጠል ያልቀረለት ደን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ያንኑ ዘር፣ ያንኑ ዕድሜ፣ ያንኑ መሬት። እንዲህ ያለ ደን በየጣቢያው ፈልጋ አጥታለች፤ ምክንያቱም ሁለት ሄክታር ጫካ ለሃያ ዓመት የሚጠርግ ሰው የትም አልተገኘም። የአጥኚዎቹ ደንብ የተጠረገ ደን ከተገኘ ከተመረጠው ብሎክ ጎን ሳይቆረጥ እንዲቆም ይፈቅዳል። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል፤ ሳይቋረጥ ቢያንስ ሃያ ዓመት መጠረጉ በፊርማ መረጋገጥ አለበት፣ ወደፊትም መጠረግ አለበት። ፎርሙ ላይ ደግሞ ሥራው ከመመሪያ ውጭ የተደረገ ስሕተት መሆኑ ይጻፋል።

«ስለዚህ እኔ የጥፋት ማሳያ ልሆን ነው?» አለ ጽዱ።

«ዛፎቹ ግን አይቆረጡም» አለችው።

ብዙ አላሰበም። እፈርማለሁ አለ። መጀመሪያ ግን አርባ አንዱን ጆንያ ቅጠል ወደነበረበት እንዲመልስ ታዘዘ፤ መለሰውም። ፍራሹ የጆንያውን አፍ ይዞለት ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ተቀመጡ። ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሐኪሟ ከጎኑ፣ ጽዱ ፊት ለፊት። ፍራሹ የብሎክ አምስትን ሊፈርም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነበር። ፎርሙ ሃያ ሳጥን አለው፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ፤ መቼ ተጠረገ፣ ማን ጠረገው ይላል። ጽዱ ዓመተ ምሕረት አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው በቤተሰቡ ነው። የቤቱ ጣሪያ ያፈሰሰ ዓመት ጠርጓል። ታናሽ ልጁ የፊት ጥርሷን የሰበረች ዓመት ጠርጓል። አማቱ ለሳምንት ብላ መጥታ ሰባት ወር የተቀመጠች ዓመት ሁለት ጊዜ ጠርጓል፤ ከአግዳሚው በኩል ፍራሹ፣ እውነቱን ነው፣ እናቴ መሆኗ ነው ብሎ አረጋገጠ። ሐኪሟ እየጻፈች፣ ኃላፊው ዓመቱን እያሰላላቸው እስከ ስምንተኛው ሳጥን ደረሱ።

ዘጠነኛው ላይ የጽዱ ቆጠራ ቆመ።

ያን ዓመት ሚስቱ ድንገት ታመመች። ከተማ ወስደው ኦፕራሲዮን አደረጓት፤ ሁለት ወር ከአልጋዋ አልተነሳችም። እሱ ሁለቱን ወር ያሳለፈው የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ፣ ወንበር ላይ ነው። ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ጫካው ጥርግ ብሎ ጠበቀው። በወቅቱ ነፋስ ነው ብሎ ነበር፤ እንዲያውም ደኑ ጠባዬን ለምዶ ራሱን ማጽዳት ጀመረ እያለ ወር ሙሉ ሲጎርር ሰንብቷል። ሚስቱ ስለዳነችለት ያን ሰሞን የማያምነው ነገር አልነበረም። አሁን ሲያስበው ነፋስ የበሰበሰ ግንድ እንደማያነሳ ያውቃል። እንዴት እንደጸዳ ግን አያውቅም። እሱ እንዳልጠረገው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ተጠርጓል ቢል ማን ያውቅበታል? ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። አንዲት ቃል ናት፤ ዛፎቹ ይቆማሉ።  ባለፈው ሳምንት በአርባ አንድ ጆንያ የዋሸ ሰው አንዲት ቃል ምን ታቅተዋለች ብሎ ራሱን ሊያደፋፍር ሞከረ፤ አቃተው።

«ይህን ዓመት አልጠረግኩም» አለ። «ሚስቴ ታማ ሆስፒታል ነበርኩ። አንድ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ፤ አሁን ግን አልዋሽሽም።»

ኃላፊው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሐኪሟ ምናልባት ትንሽም ቢሆን ጠርገው ይሆናል ብላ ደግማ ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ የተጠረገው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ፎርሙ የሚለው ሃያ። ጽዱ በመስኮቱ የሚታየውን የዛፎቹን ጫፍ ላለማየት ወለሉን አየ። ሐኪሟ የብዕሯን ክዳን ገጠመች።

«ተጠርጓል» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ሁሉም ዞሩ። ፍራሹ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ይህ ብቻውን ለማየት ያስገርም ነበር።

«እኔ ነኝ የጠረግኩት» አለ።

ጽዱ ጆሮውን ማመን አቃተው። ፍራሹ እያፈረ ነገራቸው። ዘጠኝ ሳምንት ነው የፈጀበት። ሬክ እንዴት እንደሚያዝ ስለማያውቅ መዳፉ ተልጧል፤ ከዚያ ወዲህ የሬክ እጀታ ሲያይ ወገቡን ያመዋል። ጉቶና ግንዱንም አውጥቷል፣ ጋሼ እንደሚያወጣው አይቶ። ክምሩን ሲያቃጥል ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ነበርና እሳቱ ቅንድቡን በላው። እዚህ ላይ ኃላፊው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ቅንድብ የሌለው ፍራሹ ሥራ የገባበትን፣ የጋዝ ምድጃ ነው ብሎ የማለበትን ሰሞን በደንብ ያስታውሰዋል። ሐኪሟ ይህ ማስረጃ ይበቃኛል ብላ ጻፈች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ጽዱ።

«ብነግርህ በየዓመቱ ታስጠርገኝ ነበር።»

ኃላፊው ሳቀ። ፍራሹ ግን አልሳቀም፤ ጣቶቹን እያፍተለተለ ጨመረበት።

«እህቴ ትዳን አትዳን አይታወቅም ነበር። ምንም ብትሆን፣ ስትመለስ አንድ ነገር እንደተውከው ይጠብቅህ ብዬ ነው።»

ጽዱ ወንበሩን ወደ አማቹ አዞረ። ሐኪሟ ብዕሩን አቀበለችውና በዘጠነኛው ሳጥን፣ ማን ጠረገው በሚለው ላይ፣ የአማቹን ስም እንዲጽፍ ነገረችው። የመታወቂያ ስሙን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀሪዎቹን ሳጥኖች ሞሉና ሃያ ሆነ። ኃላፊው ማኅተሙን አነሣ፤ ሐኪሟ ግን ቆይ አለች። ከታች አንድ መስመር ቀርቷል፤ ጠራጊው ጡረታ ሲወጣ ሥራውን ማን ይቀጥላል ይላል። በሥራው ልምድ ያለው የጣቢያው ሠራተኛ መሆን አለበት።

በዚህ ጣቢያ ከጽዱ ሌላ ጫካ ጠርጎ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኃላፊው አየው፣ ሐኪሟ አየችው። ጽዱ ብቻ አላየውም፤ ሊለምነው አፈረ። ፍራሹ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ አካሄዱ ደም ሊሰጥ እንደተጠራ ሰው ነበር። ቅጠሉን የራሴው ብሎክ ላይ ብደፋው አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይቻልም አለችው ሐኪሟ። ስንት ዓመት ነው አለ። ጡረታህ ድረስ ስድስት አለው ኃላፊው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ፈረመ።

ሁለቱ አብረው ወደ በረንዳው ወጡ። ጽዱ ምስጋና መናገር አይችልበትም። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንድ ጊዜ የአማቹን ትከሻ ሊይዝ እጁን ዘርግቶ መለሰው። ከብሎክ አራት አናት ላይ ነፋስ እያለፈ ነበር፤ ዛፎቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ያን ዓመት መሬቱን በእጄ ዳሰስኩት» አለ ጽዱ በመጨረሻ። «እኔ ከምጠርገው ይበልጥ ነበር የጸዳው።»

ጽዱ ይህን ስለሌላ ሰው ሥራ ተናግሮ አያውቅም፤ ፍራሹም ይህን ያውቃል።  ክር የሌለውን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለና እዚያው ረጅም ጊዜ ቆየ።